ባለ ስርጉዷ ካውያ

ጋሽ እርሳስ በዕድሜያቸው አንድ ሸሚዝ ተኩሰው አያውቁም። ለሌላ ሰው ይሄ ነውር ላይሆን ይችላል፤ ለእሳቸው ግን ጉድ ነው፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ቤት ሲተኩስባት የኖረውን ካውያ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ሜዳሊያም አስገኝታላቸዋለች። ሜዳሊያው ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ጎን፣ መስታወት ለብሶ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ዓይናቸው ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል፤ እንግዳውም መቼም ሰው ነውና ተከትሎ ያያል፣ አይቶም ይጠይቃል። ከጠየቀ በኋላማ ራሱ ያመጣው ነው፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሰማል።

እርሳስ የሚለው ስም የወጣላቸው ካውያዋ በተሠራችበት ፋብሪካ ነው። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሠርጋቸው ዕለት እንኳ ሚዜያቸው ነው በስንት ልመና የነቀለላቸው ይባላል። ጡረታ ከወጡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እርሳሷ ግን ዛሬም ቦታዋ ላይ ናት፤ ድንገት የሚነደፍ ነገር ቢመጣ ማን ያውቃል።

ካውያዋን ሰው ሁሉ «ባለ ስርጉዷ» ይላታል። ፋብሪካው የሰጣት ስምና ቁጥር ነበራት፤ ማን አስታውሶት። ጥቁር እጀታዋ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ ሴቶቹ ያቺን አይተው የጉንጭ ስርጉድ መሰለቻቸውና ስሙን አወጡላት። በዚያ ዘመን ሙሽራ ያለ ባለ ስርጉዷ ቤት አትገባም ነበር። ዛሬም የድሮ ሳጥን የከፈተ ሰው ገመዷ እንደተጠቀለለ ያገኛታል፤ ሶኬት ላይ ሲሰካትም ትሞቃለች።

እንግዲህ አንድ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ካሜራዋን ይዛ መጣች። ሥራዋ ዘጋቢ ፊልም መሥራት ነው። ፋብሪካው ሊፈርስ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት የድሮ ሠራተኞች አዳራሹ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ እዚያም እሷ ስለ ካውያዋ የምትሠራው ፊልም ይታያል። ነገሩን ስታስረዳቸው፣ ሰው ዕቃን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፣ ይሄ ለምን ጎበጠ፣ ያ ለምን ሾጠጠ ብሎ ግን አይጠይቅም፤ እኔ ማሳየት የምፈልገው ካውያዋን ሳይሆን ካውያዋን የወለዳትን ሐሳብ ነው አለቻቸው። ጋሽ እርሳስ ደስታውን አልቻሉትም። ሐሳቡማ እዚህ አለልሽ ብለው በእርሳሳቸው ግንባራቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

ከረባት አስረው ሦስት ሰዓት ሙሉ አወሩላት። ስለ ቅርፅ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ሙቀት፣ ከየመጽሐፉ የቃረሙትን አንድም ሳያስቀሩ። ስርጉዷ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ አውራ ጣቴን አየሁት፣ ይሄ ምስኪን ማረፊያ የለውም አልኩ፣ ሄጄ ነደፍኩለት አሏት። ይህችን ወግ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያወሯት ኖረዋል። ከመደጋገሟ ብዛት አፋቸው ላይ ለስልሳ፣ እውነት ትሁን ውሸት ራሳቸውም መጠየቅ ትተው ነበር።

ልጅቷ ሰምታ ሰምታ ስታበቃ ከቦርሳዋ የተጨማደደ ሸሚዝ አወጣች።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ አታውራ። ተኩስ።»

ሳቁባት። እኔ ነዳፊ ነኝ እንጂ ተኳሽ ነኝ እንዴ አሏት። ልጅቷ ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ የያዘችውን ሳታስፈጽም አትላቀቅም። ብርድ ልብስ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፣ ካውያዋን ሰካች፣ ካሜራዋን ከእጃቸው አንድ ስንዝር ላይ አስጠግታ ጠበቀች። ጋሽ እርሳስም ተኮሱ እንበል። ኮሌታው ላይ የነበረው አንድ ጭምድድ ሁለት ሆኖ ወጣ።

እስቲ ድገመው አለቻቸው፤ ደገሙት። ሦስተኛው ላይ፣ ልጅቷ የምታየው ሸሚዙን እንዳልሆነ ገባቸው። የምታየው አውራ ጣታቸውን ነው። ጣታቸው ስርጉዷ ውስጥ የለም፤ ከፊቷ አልፎ ብቻውን ተገትሯል። ሊያስገቡት ሞከሩ፤ ጠበባቸው። በግድ ሲጨምሩት የእጃቸው አንጓ ተጣመመ፣ ካውያዋም ወደ ጎን ሸሸችባቸው። አርጅቼ ነው፣ ጣቴ አብጦ ነው አሉ። ይሆናል አለች ልጅቷ። ካሜራዋን ዘጋች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ጉንጫቸውን ስማ ሄደች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ እርሳስ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው የሞዴል ክፍሉን አሰቡት። አይ ያ ክፍል! ከፋብሪካው ጫፍ ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ጣሪያው ድረስ ይደርሳሉ። በአንዱ ዳር የእሳቸው የንድፍ ጠረጴዛ፣ በሌላው ዳር የሞዴል ሠሪው የጋሽ ሞረድ ጠረጴዛ፣ እንጨት ነክሶ ከሚይዘው ሞርሳው ጋር። መካከሉ ሰጋቱራ ነው፤ ሲራመዱበት እግር ይሰምጣል። ትኩስ እንጨትና ሙጫ ይሸታል። አንድ ፔርሙዝ ሻይ ለሁለት ይጠጡ ነበር፣ ያውም በአንድ ስኒ፤ ሁለተኛውን ስኒ ሞረድ ሙጫ አቡክቶበት እንደዚያው ደርቆ ቀርቷል።

ሞረድም የቅጽል ስም ነው፤ እጃቸው ያለ ሞረድ ታይቶ ስለማያውቅ። ሥራቸው እርሳስ ወረቀት ላይ የሳሉትን በእንጨት ሠርቶ፣ ሰው በእጁ ይዞ እንዲያየው ማድረግ ነው። ንድፉ የማይሆን ሲሆን ወረቀቱን ገልብጠው ይመጡና፣ ይሄ ለየትኛው እጅ ነው ወንድሜ፣ ስድስት ጣት ላለው ነው ይሏቸዋል። ወረቀት ውሸት ይችላል፣ እንጨት ግን አይችልም ይሉ ነበር። እርሳስ ደግሞ፣ አንተ እኮ ሞረድህን ካላስያዙህ ፋብሪካውን ሞርደህ ትጨርሰዋለህ ይሏቸዋል። እንዲህ እየተጓሸሙ አንዱ ያለ አንዱ የማይውል ሰዎች ነበሩ።

እሁድ እሁድ ምሳ ሞረድ ቤት ነው። የሞረድ ባለቤት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ነበሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኩሰው እሁድ ለእንግዳ ይነሣሉ። ሞረድ ከበሩ ጀምረው፣ ተጠንቅቀህ ግባ፣ ሚስቴ ተኳሽ ናት ይላሉ፤ በየሳምንቱ ያው ቀልድ ነው። በየሳምንቱም ቀድመው የሚስቁት ሴትዮዋ ናቸው። ይሄን ሁሉ ሲያስታውሱ ጋሽ እርሳስ፣ ስንት ዓመት ሆነ? ብለው ቆጠሩና መቁጠሩን ተዉት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ ተመለሰች። የፋብሪካው መጋዘን ውስጥ፣ በዛገ ቆርቆሮ ውስጥ፣ አንድ የፊልም ጥቅል አግኝታ ኖሯል። ድሮ ፋብሪካው ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ብሎ ያስቀረጸው ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ የለውም። ቁጭ በል ጋሼ፣ አንተን አግኝቼሃለሁ አለቻቸው።

መጀመሪያ የታዩት ሞረድ ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥቁር፣ ቱታቸው ሰጋቱራ የለበሰ። ጋሽ እርሳስ ወደ ላፕቶፗ ጠጋ አሉ። ሞረድ ከጥቁር እንጨት ቀጥ ያለ እጀታ ጠረቡና የአሮጌ ካውያ ብረት ላይ ገጠሙት። ከዚያ ጠመኔ አነሡና እጀታውን ነጭ እስኪሆን ድረስ ለቀለቁት። ቀጥሎ የሴት እጅ መጣ። ፊት የለም፣ ትከሻ የለም፣ እስከ አንጓው ድረስ እጅ ብቻ፣ ቀጭን አምባር ያጠለቀ። በዚያች ጠመኔ በለበሰች ካውያ ነጭ አንሶላ ይተኩሳል፣ ያጥፋል፣ ይተኩሳል። ጠመኔ መሆኑ ለካ ለአንሶላው ታስቦ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ አያቆሽሽም።

ከዚያ እጀታው ወደ ሞርሳው ተመለሰ። ጠመኔው እዚህም እዚያም ሳስቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ሙልጭ ብሎ እንጨቱ ጠቁሮ ወጥቷል፣ አውራ ጣት የሚያክል። ሞረድ ወደ መስኮቱ ይዘውት አዩት። ሞረዳቸውን አነሡና እዚያችው ላይ ብቻ፣ ሁለት ሦስቴ ፈገፈጉ። እንደገና ጠመኔ ቀቡ፣ እንደገና ለዚያ እጅ ሰጡ። ሄደ፣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ። በተመለሰ ቁጥር ቦታዋ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች፣ ትንሽም ትጎደጉዳለች። ልጅቷ እዚህ ላይ ፊልሙን አቁማ፣ አየህ ጋሼ፣ ሐሳብ ሲታሰብ በዓይኔ አይቼ የማውቀው ዛሬ ነው አለች።

ቀጠለች። የክፍሉ በር ተከፈተና ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰውዬ ገባ። እጀታውን አነሣ፣ ስርጉዷን በጣቱ አገኛት፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በእርሳሱ ጫር ጫር አደረጋት። ከዚያ እጀታውን ሰጋቱራ ሳጥን ውስጥ ወርውሮት ወጣ። ፊልሙ ድምፅ ባይኖረውም ጋሽ እርሳስ ምን እንዳሉ አልጠፋቸውም። እንጨቱን አበላሸኸው፣ እኔ ቀጥ ያለ ነው የነደፍኩት ነው ያሉት። ሞረድ ጎንበስ ብለው እጀታውን ከሳጥኑ አወጡት፣ እፍ እፍ አሉት፣ መልሰው ሞርሳው ላይ አሰሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፊልሙ ላይ የለም፤ ጋሽ እርሳስ ግን ያውቁታል። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ መጣ። አንዱ እንግዳ ሞርሳው ላይ የነበረውን እጀታ ፈትቶ ያዘና ዓይኑ በራ። ይሄን የጣት ማረፊያ ማን አሰበው ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁም ወደ ነዳፊው ዞረ፤ ነዳፊ የሚጠየቀው ለዚህ ነዋ። ሞረድ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ እርሳስ «እኔ» አሉ። አንዲት ቃል። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ሜዳሊያውም በዓመቱ መጣ።

ሞረድ አልተጣሏቸውም። ቢጣሏቸው በስንት ጣዕሙ! ዝም ብለው ብቻ እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነው ማለቱን ተዉ። እርሳስም ቂም ይዞብኛል፣ እንግዲህ ይቅርብኝ ብለው ኮሩ። ሃያ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ከሥራ ሌላ ቃል ሳይተነፍሱ ሠሩ፤ ፔርሙዙም ሁለት ሆነ። ሞረድ በዕድሜ ስለሚበልጧቸው ቀድመው ጡረታ ወጡ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ተያይተው አያውቁም።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ አልሰማችም፤ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው። ይቺ እጅ የማን ናት? አላውቃትም አሏት፤ በዚህኛው እንኳ አልዋሹም። ከዚያ አንቺ ልጅ አጎትሽን ልታዋርጂ ነው የመጣሽው ብለው ተቆጡ። ልጅቷ ላፕቶፗን አጠፈች።

«ጋሼ፣ ይሄን ክፍል ቁረጪው ካልከኝ እቆርጠዋለሁ፤ ሰው ፊት አላዋርድህም። ስለ ማለዳው ጣትህ ያወራኸውን ግን አላስገባም። ጣትህን አይቼዋለኋ።» ለዝግጅቱ አሥር ቀን ቀርቷል፣ አስብበት ብላቸው ሄደች።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። ቢያስቆርጡት ማን ያውቃል? ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ስማቸውን እንደያዙ ቢሞቱ ማንን ጎዱ? የድሮ ባልደረቦቻቸው በሙሉ በተሰበሰቡበት ሌባ ከመባል ሞት ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ራሳቸውን ሊያሳምኑ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ነገር ግን አልለቅ አላቸው፤ ሞረድ ያንን እጀታ ከሰጋቱራው ሲያወጡ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አይ እርሳስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው የሚል ፊት ነው፣ የወዳጅ ፊት። ያንን ፊት አጥተው ከሜዳሊያ ጋር መኖራቸው ቆጫቸው፤ ናፈቋቸውም። በሦስተኛው ቀን ሜዳሊያውን ከግድግዳው አውርደው በፌስታል ያዙና ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ሄዱ።

የግቢው በር ያው ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ሲያንኳኩ ሞረድ ራሳቸው ከፈቱ፤ ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፣ በእጃቸው የወንበር እግር ይዘዋል። በሩን በግማሽ ከፍተው ክፍተቱ ላይ ቆሙ። ግባ አላሉም።

«እርሳስ። አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

ጋሽ እርሳስ ሜዳሊያውን ከፌስታሉ አውጥተው ሰጧቸው፤ ያንተ ነው፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አሉ። ሞረድ ሜዳሊያውን ገለባበጡት፣ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፣ ጠርዙን ዳበሱት። ጠርዙን እንኳ በወጉ አልሞረዱትም ብለው መለሱላቸው። ምን ላድርገው፣ ደጄ ላይ ልስቀለው?

«የኔ ጣት መሰለህ እንዴ?» አሉና አውራ ጣታቸውን አሳዩአቸው። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጫፉ የተደፈጠጠ። ባለ ስርጉዷ ውስጥ ግማሹም አይገባም። ጋሽ እርሳስ ያቺን ቀጭን አምባር ያን ጊዜ አስታወሷት። ከዚያ እጅ ስንት እሁድ በልተዋል፤ እጁን ግን አላወቁትም።

ሞረድ የወንበሩን እግር በሩ ላይ አስደግፈው ነገሩን አወሩላቸው። ባለቤታቸው ሆቴል ሲተኩሱ ውለው ማታ አውራ ጣታቸው አብጦ ይገቡ ነበር፤ የድሮው እጀታ ጣት የሚያርፍበት የለውም፣ ጣት ተንጠልጥሎ ይውላል። ሞረድ ያቺን በጠመኔ የተቀባች ካውያ ሁለት ወር ሙሉ ሆቴል ያስወሰዷቸው ለዚህ ነበር፤ ፊልም ቀራጩም እጃቸውን የቀረጸው እዚያው ሄዶ ነው። እንግዶቹ የሚመጡ ዕለት ጠዋት፣ ዛሬ የማን ጣት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ ብለው ቃል ገብተውላቸው ነው ወደ ሥራ የሄዱት። ማታ ሲመለሱ ሴትዮዋ ገና በሩ ላይ ጠበቋቸው። ነገርካቸው?

«ነገርኳቸው አልኳት» አሉ ሞረድ። «ምን ልበላት? አዳራሽ ሙሉ ሠራተኛ ተሰብስቦ ብድግ ብሎ አጨበጨበልሽ አልኳት። አንዴ ከጀመርኩ አይቀር አሳመርኩት።»

«ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ለምን አላዋረድከኝም?»

«በእንግዳ ፊት ላዋርድህ? ጓደኛዬ አልነበርክ እንዴ? በኋላ ደግሞ ብትመጣ ገና ሳትቀመጥ ትጠይቅሃለች፤ ሲጨበጨብልኝ አይተሃል ወይ ብላ። አንተ ደግሞ ፊትህ ውሸት አይችልም፤ የቻልክባት ያቺን ዕለት ብቻ ነው። ደጄን የዘጋሁብህ ለቂም መሰለህ? እሷ እንዳትሰማ ነው።»

ሴትዮዋ ሞተው ስድስት ዓመታቸው ነው። እስኪሞቱ ድረስ ሠፈር ውስጥ ባለ ስርጉዷን የገዛች ሙሽራ ሁሉ ቤት ይገቡና፣ ነይ ላሳይሽ፣ እዚህ ጋ ነው የምትጫኚው፣ የኔ ጣት ናት ይሉ ነበር። ሙሽሮቹ አንገታቸውን ይነቀንቁላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ይስቁባቸዋል። ሴትዮዋ ሳቁን አልሰሙም። ሞረድ ግን ይሰሙት ነበር፤ የከነከናቸውም እሱ ነው እንጂ ሜዳሊያው አይደለም።

ጋሽ እርሳስ አለቀሱ። አንድ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሞ ፌስታል ይዞ ሲያለቅስ አይጣል ነው። ሞረድ ትንሽ አይተዋቸው፣ ከዚያ በሩን ወለል አደረጉት።

«ና ግባ። ሰው ምን አደረገው ይለኛል።»

በማግስቱ ልጅቷ ካሜራዋን ይዛ ሞረድ ቤት ዋለች። ሞረድ ጥቁሯን የእንጨት እጀታ ከሳጥን አወጡላት፤ ስርጉዷ ውስጥ የጠመኔ ብናኝ ዛሬም አለ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ጋሽ እርሳስ ለካሜራው የተናገሩት ሁለት ደቂቃም አልሞላ፤ ከረባትም አላሰሩም። ልቁረጠው ወይ ብላ ዳግመኛ አልጠየቀቻቸውም። ሞረድ ግን ቅዳሜ ለዝግጅቱ ኑ ሲባሉ፣ ሰው ፊት ምን ልሠራ ብለው አስቸገሩ። ቁጭ ብለህ ስማ፣ ሌላ ምንም አትሠራም አሏቸው እርሳስ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የገጣጠሙ፣ የቀቡ፣ ያሸጉ፣ ሒሳብ ክፍል የነበሩ፣ ሁሉም ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ሁሉም የድሮ ቦታቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ስክሪኑ አንሶላ ነው። ያንን አንሶላ የተኮሱት ጋሽ እርሳስ ናቸው፤ በባለ ስርጉዷ፣ ግማሽ ቀን ፈጅተው፣ ካልተኮስኩት ብለው። ማነው ደግሞ ይሄን እንዲህ ያጨማደደው ብላ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሴትዮ ስትጠይቅ አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ከሞረድ ጎን ሆነው እኔ ነኝ አሉ፤ ይህቺኛዋ «እኔ» የራሳቸው ነበረች።

መብራቱ ጠፋ። የጋሽ እርሳስ አውራ ጣት ከስርጉዷ ውጭ ተገትሮ ሲታይ ሰዉ እንደገና ሳቀ። የሞዴል ክፍሉ ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ፤ አሁን የሚፈርሰው ክፍል፣ መስኮቶቹ ብርሃን ሞልተው፣ ሰጋቱራው በሰጋቱራ ላይ። አንዱ ከኋላ ተንፍሶ እህህ አለ። ከዚያ እጅየዋ መጣች፤ በተጨማደደው አንሶላ ላይ ነጭ አንሶላ እየተኮሰች ወዲያና ወዲህ አለች። በእሷ ላይ የጋሽ እርሳስ ድምፅ ተሰማ።

«ይቺ እጅ የሞረድ ባለቤት እጅ ናት። ሆቴል አንሶላ ትተኩስ ነበር። እኔ ቀጥ ያለ እጀታ ነው የነደፍኩት። ጣቷ ቦታውን አሳየ፣ ሞረድ አይቶ ሞረደላት። እኔ ሰጋቱራ ውስጥ ጣልኩት። ማን አሰበው ሲባል ደግሞ እኔ አልኩ። ባለ ስርጉዷ የእሷ ጣት ናት።»

ከዚያ ንግግር የለም፤ እጅየዋ ብቻ ተኩሳ ስትጨርስ አንሶላውን አጥፋ፣ መዳፏን አንድ ጊዜ አሳረፈችበትና ፊልሙ አለቀ። መብራቱ በራ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ እርሳስ አለቀልኝ አሉ በሆዳቸው፣ ይሁን፣ ይገባኛል። ቀና ብለው የሰው ፊት ማየት አልቻሉም።

ያቺ የማሸጊያ ክፍል ሴትዮ ተነሥታ ማጨብጨብ ጀመረች። አጠገቧ ያለው ተነሣ፣ ቀጥሎ ያለው ተነሣ፣ ምርኩዝ የያዘው ምርኩዙን ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሣ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ፣ ወደዚያ ባዶ አንሶላ እያየ፣ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ጋሽ እርሳስም እያለቀሱ ተነሥተው አጨበጨቡ።

ሞረድ ብቻ አልተነሡም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጭብጨባውን ይሰማሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም። የጋሽ እርሳስን ኮት ጫፍ ይዘው ወደ ታች ጎተቷቸውና በጆሯቸው አወሩ።

«ልክ እንዲህ ነው ያልኳት» አሉ። «አልዋሸኋትም ማለት ነው።»

ጋሽ እርሳስ አጠገባቸው ቁጭ አሉና እጃቸውን ያዙላቸው።